«ዘ ኤክሶርሲስት» የተባለው ፊልም ዝናው ይገባዋልን?

የሲኒማ ትርኢት ወደ ሀገራችን በገባ ጊዜ የአዲስ አበባ ሕዝብ ለመጀመሪያው ሲኒማ ቤት ያወጣለት ስም «የሰይጣን ቤት» የሚል እንደ ነበረ ከአባቶቻችን ሰምተናል፤ በታሪክ ጸሐፊዎችም ዘንድ ተመዝግቦ እናገኘዋለን። በጨለማ ክፍል ውስጥ፣ በነጭ መጋረጃ ላይ፣ በዚያ የሌለ ሰው ሲራመድ፣ በዚያ የሌለ ፈረስ ሲጋልብ ማየት ለዘመኑ ሰው እንግዳ ነገር ስለ ነበረ፣ ይህን ሊያደርግ የሚችል ከሰይጣን በቀር ማን አለ ተባለ። በቤቱ ውስጥ ግን መብራት፣ መስተዋትና ተጠቅልሎ የሚዞር ፊልም እንጂ ሌላ ነገር አልነበረም። ይሁን እንጂ ስሙ ከቤቱ ይልቅ ረዥም ዕድሜ አግኝቶ እስከ ዛሬ ይነሣል።

ዝና እንዲህ ያለ ነገር ነው። ስለ አንድ ነገር የተወራው ወሬ ከነገሩ ተለይቶ በራሱ እግር ይሄዳል፤ ከጊዜም ብዛት ነገሩን ያላየ ሁሉ ወሬውን ይዞ ይፈርዳል። ስለዚህ በየጊዜው ወደ ነገሩ ተመልሶ፣ ዝናውንና ሥራውን በአንድ ሚዛን ላይ አስቀምጦ መመርመር የጽሑፍና የትምህርት ሰዎች ተግባር ነው ብለን እናምናለን። በዛሬው ጽሑፋችን ልንመረምረው ያሰብነውም፣ እንደ ቀድሞው ሲኒማ ቤት የሰይጣን ስም የተለጠፈበትን፣ በዓለም ላይ ከተሠሩት አስፈሪ ፊልሞች ሁሉ የበለጠ ነው ሲባል ሃምሳ ዓመት ያለፈውን «ዘ ኤክሶርሲስት» የተባለውን የአሜሪካ ፊልም ነው። የስሙ ትርጓሜ ርኩስ መንፈስን የሚያስወጣ ሰው ማለት ነው።

ጥያቄው ለእኛ የተለየ ክብደት አለው። የፊልሙ ታሪክ ለብዙው የአሜሪካና የአውሮፓ ተመልካች ከሩቅ ዘመን የመጣ ተረት ሲሆን፣ ለእኛ ግን ጠዋት ጠዋት በጠበል ቦታ የሚታይ የኑሮ ክፍል ነው። ከዚህም በላይ በመንፈስና በበሽታ መካከል ያለው ክርክር በብዙ ቤተሰብ ውስጥ ገና ያልተዘጋ፣ የሰው ሕይወት የሚንጠለጠልበት ጉዳይ ነው።

ስለዚህ ፊልሙን ብቻችንን ተመልክተን ከመፍረድ ይልቅ፣ አዲስ አበባን እንደ ቀለበት ከከበቧት ከተሞች በሦስቱ፣ ማለትም በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ከሚኖሩ ሦስት ወዳጆቻችን ጋር በሦስት ምሽት ተመለከትነው። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ማዶ በጎጃም መንገድ የሚገኙ ሲሆኑ፣ በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች ጎረቤቶቻቸው ጋር በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ሦስቱ ሰዎች የሰጡን ፍርድ ካነበብናቸው ሐያስያን ፍርድ ይልቅ ረድቶናል። ወደ እነርሱ ከመድረሳችን በፊት ግን የፊልሙን ታሪክ ባጭሩ እንተርካለን።

የታሪኩ መነሻ አንድ የጋዜጣ ወሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 ዓ.ም. በዋሽንግተን ከተማ አጠገብ፣ በሜሪላንድ ግዛት፣ አንድ የ14 ዓመት ገደማ ልጅ ርኩስ መንፈስ አድሮበታል ተብሎ የካቶሊክ ካህናት ለብዙ ቀን ጸልየውለት ነበር። ጸሎቱም በሴይንት ሉዊስ ከተማ በኢየሱሳውያን ካህናት ተፈጸመ። ይህን ወሬ በዚያው ዓመት በጋዜጣ ያነበበ ዊልያም ፒተር ብላቲ የተባለ የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነገሩን በልቡ ይዞት ቆየ፤ ከሃያ ዓመት በላይ ካሳለፈም በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1971 ዓ.ም.፣ በልብ ወለድ መልክ ጽፎ አሳተመው። ወንዱ ልጅ በመጽሐፉ ውስጥ የ12 ዓመት ልጃገረድ ሆነች።

መጽሐፉን ወደ ፊልም የለወጠው ዊልያም ፍሪድኪን የተባለው ዲሬክተር ነው። ፊልሙ በአሜሪካ ለሕዝብ የታየው ታኅሣሥ 17 ቀን 1966 ዓ.ም. ሲሆን፣ ይኸውም በእነርሱ አቆጣጠር ከገና በዓል ማግሥት፣ ዲሴምበር 26 ቀን 1973 መሆኑ ነው። ሰዎች በክረምት ብርድ ረዥም ሰልፍ ይዘው ይጠብቁ እንደ ነበር፣ በትርኢቱም መካከል ራሳቸውን የሳቱና አቋርጠው የወጡ እንደ ነበሩ የጊዜው ጋዜጦች በሰፊው አትተዋል። ፊልሙ ለ10 የኦስካር ሽልማቶች ታጭቶ ሁለቱን፣ ማለትም የድርሰቱንና የድምፁን ሽልማት አገኘ። ከአስፈሪ ፊልሞች ወገን ለዓመቱ ምርጥ ፊልም ሽልማት ለመታጨት የመጀመሪያውም እርሱ ነው። በእንግሊዝ ሀገር ደግሞ ለአሥር ዓመታት ያህል፣ እስከ 1999 ድረስ (እ.ኤ.አ.)፣ ለቤት ዕይታ በቪዲዮ እንዳይሸጥ ተከልክሎ ነበር። የተከለከለ ነገር ዝናው እንደሚጨምር የታወቀ ነው።

የፊልሙ ታሪክ እንዲህ ነው። ክሪስ ማክኒል የተባለች የፊልም ተዋናይ ከባልዋ ተለያይታ፣ ሬገን ከተባለች የ12 ዓመት ልጅዋ ጋር በጆርጅታውን በኪራይ ቤት ትኖራለች። ልጅቱ ጠባይዋ ይለወጣል፤ ትሳደባለች፤ አልጋዋ ይንቀጠቀጣል። እናቲቱም ወደ ሐኪም ትወስዳታለች። ሐኪሞች አንጎልዋን ይመረምራሉ፤ መድኃኒት ይሰጣሉ፤ ጉባኤ ያደርጋሉ፤ ነገር ግን ምንም አያገኙም። በመጨረሻ አንድ ሐኪም ራሱ፣ በመንፈሱ መኖር ሳያምን፣ ልጅቱ መንፈስ ይዞኛል ብላ ካሰበች ወጣልሽ መባሉ ሊጠቅማት ይችላል በማለት ካህን እንዲፈለግ ይመክራል። እናቲቱም ሃይማኖት የሌላት ስትሆን፣ ዴሚያን ካራስ የተባለውን ካህን ለምና ታመጣለች። ካራስ ካህን ብቻ ሳይሆን የአእምሮ ሐኪምም ነው፤ በዚያም ጊዜ እምነቱ እየከዳው በሐዘን ይኖራል። ላንካስተር ሜሪን የተባለ ሽማግሌ ካህን ይጨመርለትና ሁለቱ በአንዲት በምትቀዘቅዝ ክፍል ውስጥ ከመንፈሱ ጋር ይታገላሉ።

እንግዲህ ዝናውን ካተረፉለት ነገሮች እንጀምር። ስለዚህ ፊልም የሚያወሩ ሰዎች ሁሉ የሚያነሡት የልጅቱን አንገት መዞር፣ አረንጓዴ ትውከትዋን፣ ከአልጋ መነሣትዋንና ነውረኛ ንግግርዋን ነው። እነዚህ ነገሮች በዘመናቸው በእጅ ጥበብ የተሠሩ በመሆናቸው የሚደነቁ ናቸው። ለምሳሌ ሽማግሌውን ካህን ሆኖ የተጫወተው ማክስ ፎን ሲዶቭ በዚያን ጊዜ ገና የ44 ዓመት ሰው የነበረ ሲሆን፣ ዲክ ስሚዝ የተባለው የገጽ ቅብ ባለሙያ ሽማግሌ አደረገው። የተዋንያኑም ትንፋሽ እንደ ጭጋግ እንዲታይ ክፍሉ በማቀዝቀዣ እንዲበርድ ተደርጎ ነበር። ሆኖም የዛሬ ወጣት ከዚህ የባሰ ነገር በእጅ ስልኩ ላይ ስለሚያይ፣ ትናንት ያስደነገጠው ዛሬ ያስቀዋል። ፖሊን ኬል የተባለችው ታዋቂ አሜሪካዊት ሐያሲም ፊልሙን ገና በወጣበት ጊዜ በብርቱ ነቅፋዋለች። እኛም ዝናው በእነዚህ ነገሮች ብቻ የቆመ ቢሆን ኖሮ የሚገባው አይደለም ከማለት ወደ ኋላ ባላልን ነበር።

በታሪክም ረገድ ፊልሙን የምንወቅስበት ነገር አለ። ፊልሙ የሚጀምረው በኢራቅ ሀገር፣ ሐትራ በተባለችው ጥንታዊት ከተማ ፍርስራሽ ሲሆን፣ በዚያ ሽማግሌው ካህን ፓዙዙ የተባለውን የጥንት የመስጴጦምያ የነፋስ ጋኔን ምስል ያገኛል፤ ልጅቱን የያዛትም እርሱ ነው ይባላል። ነገር ግን የጥንት ቅርስ መርማሪዎች እንደሚያስረዱት፣ የዚያ ሀገር ሰዎች የፓዙዙን ራስ ቀርጸው እርጉዞችና አራሶች በአንገታቸው እንዲያስሩት ያደርጉ ነበር። ይህንንም ያደርጉ የነበረው ፓዙዙ አስፈሪ ቢሆንም፣ ሕፃናትን የምትገድለውን ላማሽቱ የተባለችውን ጋኔን ያባርራል ብለው ስለሚያምኑ ነው። ስለዚህ ፊልሙ የልጆችን ጠባቂ የልጆች ጠላት አድርጎ አቅርቦታል ማለት ይቻላል።

ይህ ለእኛ ባዕድ ታሪክ አይደለም። በሀገራችን ደብተራዎች በብራና ላይ ከሚጽፏቸው ክታቦች መካከል እጅግ የታወቀው የሱስንዮስ ጸሎት ነው። ሱስንዮስ በፈረስ ተቀምጦ፣ ሕፃናትን የምትገድለውን ወርዝልያን በጦር ሲወጋ በክታቡ ላይ ተሥሎ ይታያል። ክታቡም ልጆቿ የሚሞቱባት እናት በአንገትዋ የምታስረው ነበር። በመስጴጦምያ ላማሽቱ፣ በእኛ ወርዝልያ መባልዋ የሚያመለክተን፣ የዚህ ሁሉ ፍርሃት ሥር አንድ መሆኑን ነው፤ ይኸውም እናት ልጄን ምን ነካብኝ ብላ የምትፈራው ፍርሃት ነው። ፊልሙ በጥንቱ ጋኔን ስም ቢሳሳትም በዚህ ፍርሃት ላይ ግን አልተሳሳተም። ክሪስ ማክኒል በመኪናና በገንዘብ የምትኖር የሆሊውድ ሴት ብትሆንም፣ በልጅዋ አልጋ አጠገብ ስትቆም ክታብ ካሠረችው እናት የምትለይበት ነገር የለም።

አሁን ወደ ሦስቱ ከተሞች እንሂድ። የመጀመሪያው ምሽት በሱሉልታ፣ በአንድ ወዳጃችን ቤት ነበር። የወዳጃችን እናት ነጠላቸውን ተከናንበው ከእኛ ጋር ተቀመጡ። አንዳንድ ወጣቶች ሲደነግጡና ሲጮኹ፣ እርሳቸው ምንም አልፈሩም፤ ነገር ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አዘኑ። ፊልሙ ወደ መገባደጃው ሲደርስ እንዲህ ሲሉ ጠየቁ፤

«ለመሆኑ ይህች ልጅ አጎት የላትም? አክስትስ? ጎረቤትስ የለም? ጠበል የሚወስዳት ሰው እንዴት ይጠፋል?»

ልጃቸውም፣ «እማዬ፣ ፊልም እኮ ነው» ቢላቸው፣ «ፊልም መሆኑንማ አውቃለሁ፤ እኔ የጠየቅሁት ዘመዷን ነው» አሉት።

ይህን ነገር በብዙ አሰብንበት። ከሱሉልታ ሜዳ ቀና ያለ ሰው የሚያየው የእንጦጦን ተራራ ነው። በተራራው አናት ላይ ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡባት የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አለች፤ ጠበሉም ከመላው ሀገሪቱ ሕሙማንን የሚስብ ነው። በጠበል ቦታ አንድ ሰው መንፈስ ጮኸበት ቢባል ጩኸቱ በፀሐይ፣ በሕዝብ መካከል ነው። እናት ይዛዋለች፤ ወንድም ደግፎታል፤ የማያውቀው ሰው እግዚአብሔር ይማርህ ይለዋል፤ አጥማቂው በመስቀሉ ይባርከዋል። የሚለፈልፈውም ነገር ነውር ሆኖ አይቆጠርበትም። በፊልሙ ግን ሁሉም ነገር የሚሆነው በተዘጋ በር ኋላ፣ በሌሊት፣ በአንዲት ክፍል ነው። እናቲቱ የምትማከረው ከጸሐፊዋና ከቤት ሠራተኞችዋ ጋር ብቻ ነው፤ የልጅቱ አባት በስልክ እንኳ አይገኝም። ስለዚህ የሱሉልታዋ እናት በአንድ ጥያቄ የፊልሙን ልብ አገኙት። ሰዎችን ያስፈራቸው መንፈሱ ብቻ አልነበረም፤ መከራ ሲመጣ ማንም ሳይኖር ብቻ መቅረቱ ነው።

ሁለተኛው ምሽት በሰበታ ነበር። ሰበታ በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤትዋ የታወቀች ከተማ እንደ መሆንዋ መጠን፣ ወዳጃችንም በዚያ የሚኖር ዓይነ ስውር መምህር ነው። ፊልሙን በጆሮው ሰማው፤ ምስሉን በየመካከሉ እየተረክንለት ንግግሩን ራሱ አዳመጠ። የድምፅ ሽልማት ያገኘ ፊልም በጆሮ ቢመዘን ተገቢ ነው። የመንፈሱን ድምፅ የሰጠችው መርሴዲስ ማክካምብሪጅ የተባለች ተዋናይ ስትሆን፣ እውነትም የሚያስደነግጥ ድምፅ ነው። መምህሩ ግን፣ «ከሁሉ ያስፈራኝ የቱ እንደሆነ ልንገራችሁ?» አለን። «የመንፈሱ ድምፅ አይደለም፤ በሆስፒታሉ ውስጥ እንደ መዶሻ የሚቀጠቅጠው መሣሪያ ነው። ልጅቱ ስትጮኽ ማንም የሚያናግራት አልነበረም።»

መምህሩ የተናገረው ሐኪሞች የልጅቱን የአንጎል ደም ሥር በራጅ ሲያነሡ የሚታየውን ክፍል ነው። በዚህ ክፍል ውስጥ መንፈስ የለም፤ ሁሉም ነገር በዘመኑ ሆስፒታል የሚደረግ እውነተኛ ምርመራ ነው። መርፌ በአንገትዋ ይገባል፤ ደም ይፈስሳል፤ መሣሪያው ይጮኻል። ብዙ ተመልካች ከአንገት መዞሩ ይልቅ ይህን መቋቋም አቅቶት ፊቱን መልሶ እንደ ነበር ተነግሯል። ፍሪድኪን ከዚህ ሥራ በፊት ዘጋቢ ፊልሞችን የሠራ ሰው ስለ ሆነ፣ ሐኪሞቹን እንደ ሐኪም፣ ካህናቱን እንደ ካህን አሳይቷል። ስለ መንፈስ የተሠሩ ብዙ ፊልሞች ተመልካቹ እንዲያምን የሚለምኑት ሲሆኑ፣ ይህ ግን መጀመሪያ ሐኪሙ የሚለውን ሁሉ በትዕግሥት ያሰማዋል። የፊልሙ እኩሌታ የሚያልቀው ካህን በልጅቱ ደጃፍ ሳይደርስ ነው። ይህ ትዕግሥት ዝናው ከሚገባባቸው ምክንያቶች ዋነኛው ነው።

ሦስተኛው ምሽት በቡራዩ፣ በአንዲት ነርስ ቤት ነበር። ቡራዩ የአዲስ አበባ ሕዝብ ውኃ ከሚጠጣባቸው የገፈርሳ ግድብ የሚገኝበት አካባቢ ናት። በዚያው በገፈርሳ የአእምሮ ሕሙማን የሚያገግሙበት ማዕከል እንዳለም ይታወቃል። ለረዥም ዘመን በሀገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል የነበረው በአዲስ አበባ የሚገኘው የአማኑኤል ሆስፒታል ነው። ወዳጃችን ብዙ ዓመት በሕሙማን መካከል የሠራች ሴት ናትና፣ ፊልሙ ካለቀ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላ ቆይታ፣ «ይህች እናት መንገዱን ገልብጣ ሄደችው» አለች። «እኛ ዘንድ ሰው መጀመሪያ ጠበል ይሄዳል፤ ጠንቋይም ጋ የሚሄድ አለ። ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ፣ ገንዘቡም ጉልበቱም ካለቀ በኋላ፣ ሐኪም ጋ ይመጣል። እርስዋ ግን ሐኪሙን ሁሉ ጨርሳ መጨረሻ ላይ ካህን ፈለገች።»

ይህ አነጋገር ለእኛ የጥያቄውን መፍቻ ሰጠን። ሰው እጅግ የሚፈራው በመጨረሻ የሚያንኳኳውን በር ነው። የአሜሪካ ሰው በ1966 ዓ.ም. የሳይንስን በር ሁሉ ከፍቶ ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በፊትም ሰውን በጨረቃ ላይ አሳርፎ ነበር። ፊልሙ ግን እነዚያን በሮች አንድ በአንድ ዘጋበትና አያቶቹ ወደ ተዉት በር መለሰው፤ ስለዚህ ተንቀጠቀጠ። የእኛ ሰው ደግሞ ያን በር በየቀኑ የሚወጣበትና የሚገባበት ስለ ሆነ አያስፈራውም። እርሱን የሚያስፈራው የሆስፒታሉ በር ነው፤ የሰበታው መምህር ከመሣሪያው ድምፅ የተነሣ መደንገጡም ለዚህ ምስክር ነው። አንድ ፊልም ሁለቱንም በሮች በእውነተኛ መልካቸው አሳይቶ፣ እያንዳንዱ ሕዝብ የራሱን ፍርሃት እንዲያገኝበት ማድረግ መቻሉ ቀላል ሥራ አይደለም።

ይሁን እንጂ ስናመሰግን ጉድለቱን መሸፈን አይገባንም። ፊልሙ ሐኪሞቹን በትዕግሥት ቢያሰማንም፣ በመጨረሻ ተሸናፊ ያደርጋቸዋል፤ አንደኛው በር ሲከፈት ሁለተኛው መዘጋት እንዳለበት አድርጎ ያሳያል። ይህ በልብ ወለድ ውስጥ ያምራል፤ በኑሮ ውስጥ ግን ሰው ይገድላል። በጀርመን ሀገር አኔሊዘ ሚሼል የተባለች፣ ሐኪሞች የሚጥል በሽታ አለባት ያሏት የ23 ዓመት ተማሪ፣ እ.ኤ.አ. በ1975 እና በ1976 ዓ.ም. ውስጥ 67 ጊዜ የመንፈስ ማስወጫ ጸሎት ተደርጎላት፣ ምግብዋን ትታ፣ ሐኪምም ሳይጎበኛት፣ በረኃብ ከስታ ሞተች። ወላጆችዋና ሁለቱ ካህናት በ1978 በቸልተኝነት ሰው በመግደል ወንጀል ተፈርዶባቸዋል። ፊልሙ ገደላት ማለታችን አይደለም፤ ሆኖም ፊልሙ በዓለም ላይ ዝናው በናኘበት ዘመን እንዲህ ያለ ነገር መሆኑ፣ አንዱን በር ዘግቶ በሌላው ብቻ መግባት ምን እንደሚያመጣ ያስረዳናል።

በራሳችንም ሀገር እጃችን ንጹሕ ነው ብለን መመካት አይቻለንም። የሱሉልታዋ እናት የተናገሩለት የዘመድ ደግነት እውነት እንደ ሆነ ሁሉ፣ ከዚያው ዘመድ እጅ በሰንሰለት ታስረው ዓመታት ያሳለፉ ሕሙማን መኖራቸውም እውነት ነው። መድኃኒታቸውን ከጠበል ጋር አይስማማም ተብለው ያቋረጡም አሉ። በዚህ ነገር ላይ አንድ ታላቅ ምስክርነት እናስታውሳለን። በ1999 ዓ.ም. ብዙ የኤች አይ ቪ ሕሙማን በእንጦጦ ጠበል ይጠመቁ በነበረበት ጊዜ፣ ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉና መድኃኒቱ የማይቃረኑ መሆናቸውን፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ስለ ሆኑ ሕሙማኑ ጠበል እየጠጡ መድኃኒታቸውን እንዲወስዱ በይፋ አስተማሩ። ካራስ በአንድ ሰውነት ካህንም ሐኪምም ሆኖ ሳለ ፊልሙ ሁለቱን ሊያስታርቅለት አልቻለም፤ በእንጦጦ ተራራ ላይ ግን በአንድ ቃል ታረቁ። የቡራዩዋ ወዳጃችንም ይህን ስናነሣላት፣ «ከዚያ ትምህርት በኋላ የጠበል ዕቃቸውንና የመድኃኒት ብልቃጣቸውን በአንድ ዘንቢል ይዘው ሲሄዱ ያየኋቸው ሰዎች ነበሩ» አለችን።

እንግዲህ ፍርዳችንን እንስጥ። «ዘ ኤክሶርሲስት» ዝናው ይገባዋል፤ ነገር ግን ዝና ባገኘበት ምክንያት አይደለም። አንገቱና ትውከቱ ያረጃሉ፤ አርጅተዋልም። የማያረጀው በመካከሉ ያለው ሌላ ታሪክ ነው፤ እርሱም የካራስ እናት ታሪክ ነው። እኚህ አሮጊት በኒው ዮርክ በአንዲት ድኻ ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። በታመሙ ጊዜ፣ ልጃቸው ካህን በመሆኑ ገንዘብ ስለሌለው፣ የአእምሮ ሕሙማን በሚታጎሩበት የሕዝብ ሆስፒታል ይገባሉ፤ ኋላም በቤታቸው ብቻቸውን ሞተው ከጥቂት ቀን በኋላ ይገኛሉ። መንፈሱ ካራስን የሚያሠቃየው በዚህ ነው፤ በእናቱ ድምፅ እየተናገረ፣ ለምን ተውኸኝ እያለ ይወቅሰዋል። ያ ሁሉ ጩኸትና ነውር የተዘጋጀው ሰው ራሱን እንዲንቅና እኔ ልወደድ አይገባኝም ብሎ ተስፋ እንዲቈርጥ መሆኑን ደራሲው ግልጽ አድርጓል።

በመጨረሻም ሽማግሌው ካህን ልቡ ደክሞ ሲሞት፣ ካራስ መንፈሱን ወደ እኔ ና ብሎ በራሱ ላይ ይወስደውና በመስኮት ተወርውሮ ከረዥሙ የድንጋይ ደረጃ ግርጌ ይወድቃል። እዚያም ወዳጁ የሆነ ካህን ደርሶ እጁን ይይዘዋል፤ መናገር ስላልቻለም እጁን በመጨበጥ ኑዛዜውን ይሰጣል። እናቱ ማንም ሳይይዛት ሞተች፤ እርሱ ግን እጁ ተይዞ ሞተ። ብዙ ሰዎች በፍርሃት ዓይናቸውን ጨፍነው ስለሚያልፉት ይህን ትንሽ ነገር ያላዩት ይመስለናል። እኛ ግን ፊልሙ የተሠራው ለዚህ ነው እንላለን።

ስለዚህ የሱሉልታዋ እናት ጥያቄ የፊልሙ ጥያቄ ነው። ይህች ልጅ የሚወስዳት ሰው እንዴት ይጠፋል? ጠበልም ይሁን ሐኪም ቤት፣ የሚወስድና እስከ መጨረሻ እጅ የሚይዝ ሰው ከሌለ፣ ሁለቱም በሮች አስፈሪ ናቸው። የሚወስድ ሰው ካለ ግን ሁለቱም ተከፍተው ሊቆዩ ይችላሉ። አባቶቻችን የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት የሰይጣን ቤት ሲሉት በውስጡ መብራትና መስተዋት ብቻ ነበር። በዚህም ፊልም ውስጥ፣ የተወራለትን ሰይጣን ፈልገን ገብተን፣ ያገኘነው የታመመ ሰውን አልጋ ነው። ከአልጋው አጠገብ ወንበር አለ፤ የሚቀመጥበትም ሰው ይጠበቃል።